የዓለም ንግድ ድርጅት ከገባን የእኛ ዴስክ ከጨረታ ይወጣል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሼድ ውስጥ ስድስት ሆነን ተደራጅተን የትምህርት ቤት ኮምባይንድ ዴስክና የፋይል መደርደሪያ እንሠራለን። አብዛኛው ሥራችን የመንግሥት ጨረታ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን ለአገር ውስጥ አምራች የሚሰጠው ልዩ አስተያየት ይቀራል፣ ጨረታውንም የውጭ ኩባንያ ይወስደዋል እያሉን ነው። እውነት ነው? የቱቦ ማጠፊያ ማሽን ለመግዛት ብድር ጀምረን ነበር። እንተወው?»

እህቴ፣ ብድሩን ስለ መተው የጻፍሽው አሳስቦኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። የዓለም ንግድ ድርጅት ባለበት ጄኔቭ ላይ ይፈረማል የተባለ ወረቀት ፈርታችሁ ማሽኑን አትተዉ። ማሽኑን ለማዘግየት የሚያበቃ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ እሱን ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ።

ኢትዮጵያ የአባልነት ጥያቄዋን ያቀረበችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ወሬው በተነሳ ቁጥር ሼድ ውስጥ ያለ አምራች ይደነግጣል፤ የሚያስረዳው ሰው ግን አያገኝም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መልሱ ሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

የድርጅቱ ዋና ሕግ እ.ኤ.አ. በ1947 የተጻፈው የታሪፍና የንግድ አጠቃላይ ስምምነት ነው፤ በአጭሩ ጋት ይሉታል። አንቀጽ 3 የውጭ ዕቃ ቀረጡን ከፍሎ ከገባ በኋላ ከአገር ውስጥ ዕቃ እኩል ይታይ ይላል። ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ንዑስ አንቀጽ 8(ሀ) አለ። መንግሥት ለራሱ አገልግሎት የሚገዛውን ዕቃ ከዚህ ግዴታ ውጭ ያደርገዋል፤ ዕቃው ለንግድ ተመልሶ የማይሸጥ እስከሆነ ድረስ። ትምህርት ቤት ዴስክ ገዝቶ አይነግድበትም፤ ልጆች ያስቀምጥበታል። ስለዚህ የእናንተ ዕቃ ከሞላ ጎደል ለዚህ አንቀጽ ምሳሌ የሚሆን ዕቃ ነው። የአገልግሎት ንግድ ስምምነቱም በአንቀጽ 13 ላይ ተመሳሳይ ነገር ይላል።

ይህ ከለላ ግን ወሰን አለው። ህንድ ከፀሐይ ኃይል አመንጪዎች ኤሌክትሪክ ስትገዛ፣ የሚጠቀሙበት የፀሐይ ሴልና ሞጁል አገር ውስጥ የተመረተ ይሁን ብላ ግዴታ አስገብታ ነበር። አሜሪካ ከሰሰቻት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ህንድ ተረታች። መንግሥት የገዛው ኤሌክትሪኩን ነው፤ የአገር ውስጥ ይሁን ብሎ ያስገደደው ግን ሴሉን ነው። የተገዛው ዕቃ ሌላ፣ የተጠበቀው ዕቃ ሌላ። የእናንተ ግን አንድ ነው። ዴስክ ይገዛል፣ ልዩ አስተያየቱም ለዴስኩ ነው።

የመንግሥት ግዥን ለውጭ ተወዳዳሪ የሚከፍተው ሌላ ውል ነው። የመንግሥት ግዥ ስምምነት ይባላል። የድርጅቱ አባል ስለሆንሽ ብቻ አትገቢበትም፤ ፈልገሽ፣ ተደራድረሽ የምትፈርሚው ነው። እስካሁን አንድም የአፍሪካ አገር አልፈረመውም። የፈረሙትም ቢሆኑ ትንንሾቻቸውን አልጣሉም። አሜሪካ ለአነስተኛ ድርጅቶች ብቻ ለይታ የምታወጣቸውን ጨረታዎች ከስምምነቱ ውጭ አድርጋለች። ካናዳና ደቡብ ኮሪያም እንደዚያው። ይህን የምነግርሽ «ዓለም አቀፍ ሕግ ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ እንዳትበገሪ ነው።

በአባልነት ድርድር ላይ «ይህንንም ፈርሙ» ብሎ የሚጫን አገር አይኖርም ማለቴ አይደለም። ሌሎች አገሮች ላይ ደርሷል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 ስትገባ ወደ ግዥ ስምምነቱ ለመግባት እደራደራለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስትደራደር ይኸው ስንት ዓመቷ። በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላሉ አገሮች ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ውሳኔ አለ። እንዲህ ያሉ ፈቃደኝነት ላይ የቆሙ ስምምነቶችን መፈረም ለአባልነት ቅድመ ሁኔታ አይሆንም ይላል። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናም ለመንግሥት ግዥ ተብሎ የተጻፈ ፕሮቶኮል የለውም።

ስለዚህ ልዩ አስተያየቱን የሰጠው አራት ኪሎ ነው። ከተነሳም የሚነሳው እዚያው ነው።

ታዲያ ዓለም አቀፍ ሕግ አይነካንም ማለት ነው? ይነካችኋል። ግን በጠበቃችሁት በኩል አይደለም።

በጣም የሚነካችሁ በገንዘቡ ምንጭ ነው። ለረጅም ዓመት የሠራንበት የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአንቀጽ 6 ላይ፣ መንግሥት ከሌላ አገር ወይም ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር የገባው ስምምነት ከአዋጁ ከተጋጨ ስምምነቱ ይበልጣል ይል ነበር። ዴስኩ የሚገዛው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከሆነ ሕጉ የዓለም ባንክ የግዥ ደንብ ነው ማለት ነው። እዚያም በዓለም አቀፍ ጨረታ ላይ ለአገር ውስጥ ምርት የ15 በመቶ የዋጋ ልዩነት ሊፈቀድ ይችላል። ግን የአገር ውስጥ ጉልበት፣ ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ከፋብሪካ በር ዋጋሽ ከ30 በመቶ በላይ መሆኑን ማሳየት አለብሽ። ልዩ አስተያየቱ መፈቀዱም ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ የለም። ሌላም አለ። ያደራጃችሁ ጽሕፈት ቤት የሚጽፍላችሁ የዋስትና ደብዳቤ ለአገር ውስጥ ጨረታ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ትእዛዝ) ይተካላችሁ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ጨረታ ግን ሰነዱ የጠየቀው የባንክ ዋስትና ከሆነ ደብዳቤው አያድናችሁም።

አንዳንዱ ብድር ደግሞ ከነጭራሹ ከማን እንደሚገዛ አስሮ ይመጣል። ከሼዳችሁ ወጣ ብላችሁ የምታዩት የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር፣ በቻይና ተቋራጭ የተሠራ ነው። ያ ባንክ በቅናሽ በሚሰጠው ብድር ተቋራጩ ቻይናዊ እንዲሆንና ከግዥው ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ከቻይና እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ከዓለም ንግድ ድርጅት ጋር አይገናኝም። የብድር ውል ነው። ስለዚህ የጨረታ ማስታወቂያ ስታነቢ መጀመሪያ የገንዘቡን ምንጭ ፈልጊ። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ይገኛል። ሰው ዘልሎት ቀጥታ ወደ ዋጋ መሙያው ይሄዳል።

ሁለተኛው ቀረጥ ነው። አባልነት ሲመጣ አገሪቱ ለየዕቃው የቀረጥ ጣሪያ ታስቀምጣለች። አህጉራዊው ቀጣናም እንደ እኛ ላሉ አገሮች 90 በመቶ የሚሆነውን የዕቃ ዓይነት ቀረጥ በ10 ዓመት ውስጥ ማንሳትን ይጠይቃል። ይህ ቀስ እያለ ከውጭ የሚገባውን ዴስክ ዋጋ ይቀንሰዋል። የጥሬ ዕቃችሁን፣ የቱቦላሬውንና የላሜራውን ዋጋም ሊቀንስላችሁ ይችላል። የትኛው ቀድሞ እንደሚወርድ ነው ለእናንተ የሚያሳስበው። ጥሬ ዕቃው ከፍ እንዳለ የተሠራው ዕቃ ቀረጥ ከወረደ ትጎዳላችሁ። በማኅበር ሆናችሁ ንግድ ሚኒስቴር ፊት ልትጮሁበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። ድርድሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የዴስክን ወጪ ከማን ይስማ?

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የነበረውን የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፍቶታል። እንግዲህ ነገ እዚሁ ንግድ ፈቃድ ያወጣ የውጭ አስመጪ ፖስታ ይዞ አጠገብሽ ሊቀመጥ ይችላል። አትደንግጪ። ለዕቃ የሚሰጠው ልዩ አስተያየት የሚያየው ዕቃው የት እንደተሠራ ነው፤ ባለቤቱን አያይም። ያስመጣው ዴስክ ለአገር ውስጥ ምርት የሚሰጠውን 15 በመቶ አያገኝም። ግን ይህ በሌላ በኩልም ይቆርጣል። ዱከም ላይ ፋብሪካ የተከለ የውጭ ባለሀብት እዚሁ የሠራው ዴስክ እንደ እናንተው የአገር ውስጥ ምርት ነው። እውነተኛው ተፎካካሪያችሁ ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ የሚረዳችሁ 15 በመቶው አይደለም። በጥቃቅንና አነስተኛ በመደራጀታችሁ የምታገኙት ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። ብዙዎቻችን የለመድናቸው ቁጥሮች ከሰኔ 2002ቱ የፌዴራል ግዥ መመሪያ የመጡ ናቸው። ለመድኃኒት 25 በመቶ፣ ለሌላ የአገር ውስጥ ምርት 15 በመቶ፣ ለግንባታና ለማማከር 7.5 በመቶ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ደግሞ ከአገር ውስጥ ተወዳዳሪ ጋር ሲቀርቡ 3 በመቶ። አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ነው። ለአንድ ጨረታ የሚያስረው ቁጥር ግን በእጅሽ ያለው ሰነድ ላይ የተጻፈው ነው። በትዝታ አትሥሪ፤ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ገጹን ፈልጊና አስምሪበት።

ከውጭ የመጣው ዴስክ በ8,000 ብር፣ የእናንተ በ9,000 ብር ቀረበ እንበል። በንጽጽር ጊዜ 8,000ው ላይ 15 በመቶ ሲታሰብ 9,200 ይሆናል። ታሸንፋላችሁ። የሚከፈላችሁም 9,000 ነው። ዱከም ያለው ፋብሪካ በ8,900 ከመጣ ደግሞ 15 በመቶው ለሁለታችሁም ስለሆነ ይጣፋል። ያኔ 3 በመቶዋ ትገባለች። 8,900 ላይ ስትታሰብ 9,167 ይሆናል። አሁንም ታሸንፋላችሁ፤ በ167 ብር።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ዕቃው በእርግጥ የአገር ውስጥ ምርት መሆኑን ካስመሰከራችሁ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ አምራች ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ነውና።

በአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ ከቃሊቲ የመጡ ልጆች የመደርደሪያ ናሙና አቅርበው ነበር። ብየዳው የተስተካከለ፣ ቀለሙ የማይላጥ፣ ጠርዙ እጅ የማይቆርጥ። የአስመጪው ናሙና አጠገቡ ቆሞ ሲነቀነቅ ይሰማል። በዋጋ አስመጪው በትንሽ ይቀንሳል። 15 በመቶው ቢሰጣቸው ያሸንፉ ነበር። ለመስጠት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ሰብሳቢው ፖስታቸውን ሁለቴ ገለበጠው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ አለ፣ ቲን አለ፣ የግብር ክሊራንስ አለ። ስለ አገር ውስጥ እሴት የሚናገር አንዲት ወረቀት የለም። ሥራው ለአስመጪው ሄደ።

ከወራት በኋላ ሼዳቸውን ለማየት ሄድኩ። ወጪያችሁን የት ነው የምትጽፉት ስላቸው አንዱ ልጅ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ላሜራ አሳየኝ። በጠመኔ፣ ቱቦላሬ ይህን ያህል፣ ኤሌክትሮድ ይህን ያህል፣ የቀን ሠራተኛ ይህን ያህል ተብሎ በጥንቃቄ ተጽፏል። ድምሩ ትክክል ነበር። «ይህ ላሜራ ነገ ይቆረጣል?» አልኩት። «አዎ፣ ለሳጥን ጀርባ ነው» አለኝ። ሂሳባቸው ከዕቃው ጋር አብሮ ይሸጥ ነበር። ዛሬም ድረስ ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይበላኛል።

በ2001ዱ አዋጅ የነበረው መለኪያ ከምርቱ ዋጋ ከ35 በመቶ በላይ የሚሆነው እሴት ኢትዮጵያ ውስጥ የተጨመረ ይሁን የሚል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ከውጭ የገባውን ግብዓት ትቀንሺያለሽ። የቀረው የአገር ውስጥ እሴት ነው። የ9,000 ብሩን ዴስክ እንውሰድ። ቱቦላሬው 3,100፣ ኤምዲኤፉ (የተጨመቀው የእንጨት ሰሌዳ) 1,500፣ ኤሌክትሮድ፣ ቀለምና ብሎን 700 ይሁን። ሁሉንም ከውጭ የገባ አድርጌ ብቆጥረው 5,300 ነው። የቀረው 3,700፣ ማለትም 41 በመቶ ገደማ። ታልፋላችሁ።

አሁን አንድ ነገር አስተውይ። ጨረታው ይከብዳል ብላችሁ ዋጋውን ወደ 8,000 ብታወርዱት የግብዓቱ ወጪ አይወርድም። የቀረው 2,700 ብቻ ይሆናል፤ ከ34 በመቶ በታች። 35ቱን ሳታውቁት አጣችሁት። ለማሸነፍ ብላችሁ የቀነሳችሁት ዋጋ 15 በመቶውን ይወስድባችኋል። መፍትሔው ከውጭ የሚገባውን መቀነስ ነው። ኤምዲኤፉን አገር ውስጥ በተመረተ ቺፑድ ብትተኩት፣ ሰነዱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በዚያው በ8,000 ብር ዋጋ ከ52 በመቶ በላይ ትሆናላችሁ። የዓለም ባንኩ የ30 በመቶ መለኪያ ደግሞ ጉልበትን፣ ጥሬ ዕቃንና መለዋወጫን እንጂ ትርፍን አይጠቅስም። ስለዚህ ለእሱ ለየብቻ ማስላት አለባችሁ።

ለዚህ ሁሉ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ ሲገዛ እንደሚረክስ አውቃለሁ። ግን ያለ ደረሰኝ የተገዛ ቱቦላሬ የጨረታ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። ወጪያችሁን በደብተር ያዙ፤ በስልክ ፎቶ አንሱት። በዓመት አንድ ጊዜም ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ ፈርሞበት ማረጋገጫ ይስጣችሁ። የሚከፈለው ገንዘብ አንድ ጨረታ ላይ ይመለሳል።

አንድ የአካባቢያችሁን ጉዳይ ልጨምር። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሆናችሁ ሦስት ዓይነት ገዥ ነው ያላችሁ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በፌዴራሉ አዋጅ ይገዛሉ፤ ጨረታቸው በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት፣ በኢ-ጂፒ ነው የሚወጣው፤ እዚያ ካልተመዘገባችሁ ማስታወቂያውንም አታዩትም። የአዲስ አበባ ከተማ የራሱ የግዥ ሕግ አለው። ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ ገላን ወይም ኮዬ ፈጬ ስትደርሱ ሸገር ከተማ ነው፤ የሚሠራው የኦሮሚያ ክልል ሕግ ነው፤ ሰነዱም በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። ቋንቋውን በደንብ የሚያነብ ሰው ከመሀላችሁ ይኑር። አዲስ አበባ ያደራጃችሁ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እዚያ ተቀባይነት እንዳለው ፖስታ ከማስገባታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ስለ ጄኔቭ የሚጨነቅ አምራች በታክሲ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ባለ ድንበር ሲወድቅ አይቻለሁ።

የጨረታው መጠንም አለ። 10,000 ዴስክ በአንድ ሎት፣ ማለትም በአንድ የጨረታ ምድብ፣ ከወጣ ስድስት ሰው ያለበት ሼድ የዓመት ገቢ መስፈርቱን አያልፍም። ልዩ አስተያየት እዚያ ምንም አይፈይድም። ማብራሪያ መጠየቂያው ቀን ሳያልፍ፣ ሎቱ እንዲከፋፈል በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ባለሁበት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶን ከፋፍለን እናውቃለን። ካልሆነ ከጎረቤት ሼዶች ጋር በጥምረት ግቡ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ከላይ ሌላ ምክንያት ያልኩት የዋጋ መዋዠቅና የክፍያ መዘግየት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በዚያን ሰሞን በተቆረጠ ዋጋ ውል የነበረው አምራች ቱቦላሬ በአዲስ ዋጋ እየገዛ በድሮ ዋጋ አስረከበ። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለው የሚካስ የለም። ዕቃው ገቢ መሆኑን የሚያሳየው ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ተቆርጦም ክፍያው ወራት ሊቆይ ይችላል። ባንኩ ግን የብድሩን ወርኃዊ ክፍያ ቆሞ አይጠብቅላችሁም።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አሰላለሁ። ያለፉትን ሦስት ጨረታዎቻችሁን አውጡ። አሸናፊው ዋጋና የእናንተ ዋጋ በስንት ይራራቃል? ያሸነፋችሁት 15 በመቶው ተጨምሮላችሁ በጭንቅ ከሆነ፣ ብድሩን ለአሁኑ አዘግዩት። ያለ እሱም ከ5 በመቶ ባልበለጠ ልዩነት የምትቀርቡ ከሆነ ማሽኑ ያንን ይዘጋላችኋል፤ ውሰዱት። ከብድሩ ይልቅ የካፒታል ዕቃ ሊዝ (ማሽኑን በኪራይ መልክ እየከፈሉ መጠቀም) ከተገኘ ደግሞ ይሻላል፤ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆን ቤት የሚያሲዝ ሰው አትለምኑም። በሁለቱም መንገድ፣ ሦስት ወር ክፍያ ቢዘገይባችሁ ወርኃዊውን ከምን እንደምትከፍሉ ሳታውቁ አትፈርሙ። ሦስቱን የጨረታ ውጤቶችና የአንድ ዴስክ የወጪ ዝርዝር ብትልኪልኝ 35ቱን አብረን እናሰላዋለን።